ስም በመዝገብ ላይ፦ የግል የብድር ታሪክ ሪፖርትን ስለ ማንበብና ስለ መመርመር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶች አነጋገር የተነገረው ሰው በሥራውና በምግባሩ ስለሚያተርፈው ዝና ነው። በዛሬው ዘመን ግን፣ በተለይም በአሜሪካ በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ፣ ስም የሚውልበት ሌላ ስፍራ ተፈጥሯል። ይህም ስፍራ ባለስሙ ሳይጠየቅና ሳይፈርምበት የሚጻፍ፣ ቤት ሊገዛ ወይም ሊከራይ፣ መኪና በዱቤ ሊወስድ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥራ ሊቀጠር ሲል የሚገለጥ መዝገብ ነው። በተለምዶ ክሬዲት ሪፖርት ይባላል፤ በአማርኛ የብድር ታሪክ ሪፖርት ቢባል ትርጉሙን በሚገባ ይገልጸዋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ መዝገቡ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚይዝ፣ እንዴትስ እንደሚመረመርና እንደሚታረም ማብራራት ነው። ጉዳዩ የሂሳብና የባንክ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ሆኖም ወገን ሲቸገር በቅድሚያ የሚጠይቀው የሙያውን ሰው በመሆኑ፣ የማኅበሩ አባላት ነገሩን ከሌላው ይልቅ አጥርተው ሊያውቁት ይገባል።

ከዋስ ወደ መዝገብ

በኢትዮጵያ በቀድሞው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ የሚተሳሰሩት በዋስ ነበር። ዕዳውን ያልከፈለ ተበዳሪ ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይሄድ እንደነበረ የታወቀ ነው፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃልም እስከ ዛሬ ይህንኑ ያስታውሳል። በእቁብም ቢሆን ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ እንዲጠራ ይጠየቃል። በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ የመተማመኛው መሠረት መተዋወቅ ነው። አበዳሪው ተበዳሪውን፣ ወይም ቢያንስ ዋሱን፣ በዓይኑ ያውቀዋል።

ከተማ ሲሰፋና ንግድ ሲራቀቅ ግን መተዋወቅ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ ታላቅ የንግድ ቀውስ ደርሶ ብዙ ነጋዴዎች ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው። ከዚህ በኋላ ሉዊስ ታፓን የተባለ የኒው ዮርክ የሐር ነጋዴ በ1841 የነጋዴዎችን የመክፈል አቅምና ጠባይ እየመዘገበ ለአበዳሪዎች በክፍያ የሚያሳውቅ ድርጅት አቋቋመ። ግለሰቦችን የሚመለከተው ሥራ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ተስፋፋ። በ1899 ሁለት የዉልፎርድ ወንድማማቾች በአትላንታ ከተማ የመሠረቱት ድርጅት በ1975 ኢኩፋክስ ተብሎ ተሰየመ። ትራንስዩኒየን በ1968 በቺካጎ ተመሠረተ፤ ኤክስፔሪያን ደግሞ ቲ.አር.ደብልዩ ከተባለው ኩባንያ የመረጃ ክፍል በ1996 ተነጥሎ ስሙን ያገኘ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚታወቁት ሦስቱ ታላላቅ የክሬዲት ቢሮዎች እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ ያለ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት። ክሬዲት ቢሮዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ መረጃ ሰብስበው የሚሸጡ የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። ደንበኞቻቸውም በዋነኛነት ባንኮች፣ የካርድ ድርጅቶችና አከራዮች እንጂ ስሙ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ እነዚህ ድርጅቶች የሰውን የትዳር ሁኔታ፣ የመጠጥ ልማድና ጎረቤት ስለእርሱ የሚያወራውን ሁሉ ሳይቀር ይመዘግቡ ነበር፤ ባለስሙ ግን ምን እንደተጻፈበት የማየት መብት አልነበረውም። ይህ ነገር ብዙ ምሬት በማስከተሉ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1970 ፍትሐዊ የክሬዲት ሪፖርት አሠራርን የሚደነግግ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሰው ስለራሱ የተጻፈውን እንዲያይ፣ ስህተት ሲያገኝ እንዲቃወም፣ ያረጀ ክፉ ወሬም ከመዝገቡ እንዲወጣለት መብት ሰጠው። በ2003 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ሪፖርቱን በየዓመቱ ያለ ክፍያ የማግኘትን መብት ጨመረ።

በሪፖርቱ ውስጥ የሚገኘው

ሪፖርቱ በጠቅላላው አራት ክፍሎች አሉት።

አንደኛው የማንነት ክፍል ነው። በዚህ ውስጥ ስም፣ ስሙ የተጻፈባቸው ልዩ ልዩ አኳኋኖች፣ የትውልድ ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የአሁንና የቀድሞ አድራሻዎች፣ አንዳንድ ጊዜም የአሠሪዎች ስም ይገኛል።

ሁለተኛው የሂሳቦች ክፍል ነው። የቤት ብድር፣ የመኪና ብድር፣ የተማሪ ብድርና ክሬዲት ካርድ እያንዳንዳቸው በዚህ ይዘረዘራሉ። ሂሳቡ የተከፈተበት ቀን፣ የተፈቀደው የብድር ጣሪያ፣ ቀሪው ዕዳ፣ በየወሩም ክፍያው በጊዜው ስለመፈጸሙ ይጻፋል። 30፣ 60 ወይም 90 ቀን የዘገየ ክፍያ በዚህ ስፍራ ምልክት ይደረግበታል።

ሦስተኛው ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች የተላለፉ ዕዳዎችና የኪሳራ ውሳኔዎች የሚሰፍሩበት ክፍል ነው። ቀድሞ የግብር ዕዳ መያዣና የፍትሐ ብሔር ፍርድ በዚሁ ይጻፉ ነበር፤ ነገር ግን የሰውየውን ማንነት በቂ ሆኖ ስለማያረጋግጡ በ2017 እና በ2018 ከሦስቱ ቢሮዎች መዝገብ እንዲወጡ ተደርጓል።

አራተኛው የጠያቂዎች ክፍል ነው። ሪፖርቱን ማን እንደጠየቀና መቼ እንደጠየቀ ይዘረዘርበታል። ሰው ራሱ ብድር በማመልከቱ የተደረገ ጥያቄ ለሁለት ዓመት ይቆያል፤ ነጥብንም በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። ሰው የራሱን ሪፖርት ሲጠይቅ ግን በነጥቡ ላይ ምንም ጉዳት አያደርስም። «ሪፖርቴን ባየሁት ቁጥር ይወርድብኛል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የሌለው ነው፤ ብዙ ሰዎችም በዚህ ፍርሃት ምክንያት መዝገባቸውን ሳያዩ ዓመታት ያሳልፋሉ።

በሪፖርቱ ውስጥ የማይገኘውንም ማወቅ ይጠቅማል። ደመወዝ፣ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ሃይማኖትና ዘር በዚያ አይጻፉም። እቁብ ለ20 ዓመት ሳያጓድል የጣለ፣ የእድር መዋጮውን አንድ ቀን ያላሳለፈ ሰውም ይህ ታማኝነቱ በዚህ መዝገብ ላይ አይታይለትም። በአዲስ አበባ ባንክ ተበድሮ በሚገባ የከፈለ ነጋዴም ወደ አሜሪካ ሲሻገር ታሪኩ አብሮት አይሻገርም። ስለሆነም አዲስ መጪ የሚጀምረው ከባዶ ገጽ ነው፤ ባዶ ገጽ ደግሞ በአበዳሪ ዓይን ከመልካም ገጽ ያነሰ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የተለመደው መንገድ የራሱን ገንዘብ በመያዣነት አስቀምጦ የሚወስደው ካርድ ነው። በዚህ ካርድ በጥቂቱ እየገዛ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ቢከፍል፣ በስፋት የሚሠራበት የነጥብ ስሌት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው ሂሳብ ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ የራሱ ነጥብ ይኖረዋል።

በዚህ ረገድ በተለይ ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ዋስ የመሆን ጉዳይ ነው። በሀገር ልማድ ዋስ የሚጠየቀው ተበዳሪው ሲያጎድል ነው። በአሜሪካ ግን ለዘመዱ የመኪና ብድር አብሮ የፈረመ ሰው፣ ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሱ ሪፖርት ላይ እንደ ራሱ ዕዳ ሊሰፍር ይችላል። ዘመድየው ክፍያ ባዘገየ ቁጥርም መዘግየቱ በዋሱ ስም ይጻፋል። ዋሱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ቤት ሊገዛ ባመለከተ ጊዜ ነው።

ሪፖርትና ነጥብ

ሪፖርቱና ነጥቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሪፖርቱ የምስክር ቃል ሲሆን፣ ነጥቡ ከምስክሩ ቃል ተነሥቶ የሚሰጥ ፍርድ ነው ለማለት ይቻላል። በ1956 በቢል ፌርና በኧርል አይዛክ የተመሠረተው ኩባንያ በ1989 ለሁሉም አበዳሪ የሚያገለግል የነጥብ ስሌት አወጣ፤ ይህም ፋይኮ በመባል ይታወቃል። የተለመደው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ኩባንያው ራሱ እንደሚገልጸው በአጠቃላይ ከመቶ 35 እጁ ክፍያን በጊዜው ከመፈጸም፣ 30 እጁ ካለው የዕዳ መጠን፣ 15 እጁ ከታሪኩ ርዝመት፣ 10 እጁ ከአዳዲስ ብድሮች፣ የቀረው 10 እጅ ደግሞ ከብድሮቹ ዓይነት የሚገኝ ነው።

የዕዳ መጠን ሲባል ከጣሪያው ጋር ተነጻጽሮ የሚታይ መሆኑን ልብ ይሏል። የ5,000 ዶላር ጣሪያ ባለው ካርድ 4,500 ዶላር የተበደረ ሰው በየወሩ ሳያሳልፍ ቢከፍልም እንኳ ነጥቡ ይጎዳል፤ ከጣሪያው ከመቶ 90 እጁን በመጠቀሙ የተጨናነቀ ተደርጎ ይታያልና። ከዚህም የተነሣ ያረጀና ዕዳ የሌለበትን ካርድ «አያስፈልገኝም» ብሎ መዝጋት አንዳንድ ጊዜ ጉዳት ያመጣል፤ የጣሪያው ድምር ሲያንስ የዕዳው ድርሻ ከፍ ይላልና።

የነጥብ ልዩነት በኪስ ላይ የሚያደርሰውን በቁጥር ማየት ይበጃል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 300,000 ዶላር ለ30 ዓመት ቢበደሩ፣ አንደኛው በ6.5 ከመቶ፣ ሁለተኛው በ7.5 ከመቶ ወለድ ቢሆን፣ የመጀመሪያው በየወሩ ወደ 1,896 ዶላር፣ ሁለተኛው ወደ 2,098 ዶላር ይከፍላል። ልዩነቱ በወር 200 ዶላር ያህል ሲሆን በ30 ዓመት ከ72,000 ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ የልጅ የኮሌጅ ትምህርት ነው፤ የእናትና የአባት የእርጅና ጧሪ ነው። የአንድ ከመቶው ልዩነት የመጣው ሰውየው በእርግጥ ስላጎደለ ከሆነ የሥራውን ዋጋ ከፈለ ይባላል። የመጣው በመዝገብ ስህተት ከሆነ ግን ያለ ዕዳው ዕዳ ከፈለ።

ስሙና ሥርዓቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ

ስህተት የጥቂቶች ዕጣ እንዳልሆነ በጥናት ተረጋግጧል። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ከተመረመሩት 1,001 ሰዎች መካከል ከአምስቱ የአንዱ ያህል ሰዎች ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት ቢያንስ በአንዱ ሪፖርታቸው ላይ እርማት ተደርጎላቸዋል፤ ከመቶ 5 የሚሆኑት ደግሞ ስህተቱ ከሚገባው በላይ ወለድ ሊያስከፍላቸው የሚችል ሆኖ ተገኝቷል።

ኢትዮጵያዊው በዚህ ላይ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። የመዝገቡ ሥርዓት የተሠራው የመጀመሪያ ስም፣ የመካከለኛ ስምና የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ኢትዮጵያዊው ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል። በአንዱ ቅጽ ላይ የአባቱ ስም፣ በሌላው ላይ የአያቱ ስም በመጨረሻ ይጻፋል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ እየተባሉ የሚጀምሩ ስሞች ለሁለት ይከፈሉና ግማሹ ወደ መካከለኛ ስምነት ይወሰዳል። «ጸ» የሚለውን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ «ቀ»ም እንዲሁ በሁለት በሦስት ዓይነት ይጻፋል። በትዳር ስም መለወጥ ልማድ ባለመሆኑ ባልና ሚስት በአንድ አድራሻ ሁለት የተለያዩ ስሞች ይዘው ይገኛሉ፤ ወንድማማቾች ደግሞ በአንድ የአባት ስምና በአንድ አድራሻ ይኖራሉ።

የትውልድ ቀንም ቢሆን ሌላ የስህተት ምንጭ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀየር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚሳሳት ሰነድ አለ፤ በስደት የመጣና ቀኑን በሰነድ ማረጋገጥ ያልቻለ ሰው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የሚመዘገብበት አሠራር አለ። በዚህ ምክንያት ስማቸውም ቀናቸውም የሚመሳሰል ሰዎች ይበዛሉ። ኮምፒዩተር ደግሞ ሰውን በፊቱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በፊደልና በቁጥር ብቻ ነው። ፊደሉ ሲቀራረብ የሁለት ሰዎችን ታሪክ በአንድ ገጽ ያዋህዳል፤ ፊደሉ ሲራራቅ የአንዱን ሰው ታሪክ በሁለት ገጽ ይከፍላል። በመጀመሪያው ሰው የሌላውን ዕዳ ይሸከማል፤ በሁለተኛው ደግሞ ለዓመታት የገነባው መልካም ታሪክ ግማሹ ይጠፋበታል።

ስም ብቻውን ምን ሊያደርስ እንደሚችል አንድ በፍርድ ቤት የታወቀ ጉዳይ ያስረዳል። በ2011 አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከባለቤቱ ጋር መኪና ሊገዛ ሄዶ ነበር። ሻጩ ሪፖርቱን ከትራንስዩኒየን ሲያስመጣ፣ የሰውየው ስም የአሜሪካ ግምጃ ቤት ለብሔራዊ ደኅንነት አስጊ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ሰዎች ስም ጋር ይገጥማል የሚል ማስታወሻ አገኘ፤ መኪናውንም አልሸጥለትም አለ። ማመሳከሪያው የተደረገው በመጀመሪያና በመጨረሻ ስም ብቻ ነበር። በክሱ እንዲህ ያለ ማስታወሻ የተጻፈባቸው 8,185 ሰዎች ተካተቱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ሲወሰን፣ ፍርድ ቤቱ በሪፖርታቸው ይዘት ረገድ ሊከሱ የሚችሉት የተሳሳተው ወሬ ለሌላ ወገን የተላለፈባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው አለ። የቀሩት ከ6,000 በላይ ሰዎች ስማቸው በመዝገቡ ውስጥ እንደዚሁ የተበላሸ ቢሆንም፣ በክሱ በተመለከተው ጊዜ ለማንም ስላልተላለፈ የደረሰባቸው ተጨባጭ ጉዳት የለም ተባለ።

ከዚህ ውሳኔ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ስህተት እስከሚወጣ ድረስ ካሣ ላያስገኝ ይችላል፤ በወጣ ጊዜ ግን ቤቱ ወይም ሥራው አምልጧል። ስለሆነም «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው መዝገቡን አስቀድሞ ከመመርመር የተሻለ መከላከያ የለም።

ሪፖርቱን ማግኘትና መመርመር

በሕግ የተፈቀደው ነጻ ሪፖርት የሚገኘው ሦስቱ ቢሮዎች በጋራ ባቋቋሙት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው የኮምፒዩተር አድራሻ ወይም በስልክ ቁጥር 1-877-322-8228 ነው። ሕጉ የሚያስገድደው በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ ነው፤ ይሁን እንጂ ከ2020 ጀምሮ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ተፈቅዷል፤ በ2023ም ይኸው በቋሚነት እንደሚቀጥል ሦስቱ ቢሮዎች አስታውቀዋል። ተመሳሳይ ስም ይዘው ክፍያ የሚጠይቁ ሌሎች አድራሻዎች ስላሉ ፊደሉን በጥንቃቄ መመልከት ያሻል። ብድር፣ መድን ወይም ሥራ በሪፖርቱ ምክንያት የተከለከለ ሰው ደግሞ የክልከላውን ማስታወቂያ በተቀበለ በ60 ቀን ውስጥ ያንኑ ሪፖርት ከሰጠው ቢሮ በነጻ የመጠየቅ መብት አለው።

ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢደረግ ይመረጣል።

አንደኛ፣ የሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ይወሰድ። አበዳሪዎች ለሦስቱም ሪፖርት እንዲያደርጉ ሕግ ስለማያስገድዳቸው በአንዱ ያለው ስህተት በሌላው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከማንነት ክፍል ይጀመር። ባለስሙ ኖሮበት የማያውቀው አድራሻ ወይም የእርሱ ያልሆነ የስም አጻጻፍ ቢገኝ፣ የሌላ ሰው ታሪክ ስለ መቀላቀሉ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ብዙዎች ይህን ገጽ አልፈው ወደ ዕዳው ይሮጣሉ፤ የስህተቱ ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሂሳብ ከባንክ ወረቀትና ከደረሰኝ ጋር ይመሳከር። ያልተከፈተ ሂሳብ፣ ተከፍሎ ሳለ ያልተዘጋ ዕዳ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ዕዳ፣ በሐሰት የተመዘገበ መዘግየት ይፈለግ።

አራተኛ፣ ቀኖች ይቆጠሩ። አብዛኛው ክፉ ታሪክ ከሰባት ዓመት በላይ፣ የኪሳራ ውሳኔ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ አይገባም። ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው ክፍያው መጀመሪያ ከተቋረጠበት ጊዜ አንስቶ ነው እንጂ ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ከተሸጠበት ቀን አይደለም። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ቀኑን በማደስ ያረጀውን ዕዳ ወጣት ያደርጉታል፤ ይህም በሕግ የተከለከለ ነው።

አምስተኛ፣ የሕክምና ዕዳ ለብቻው ይታይ። ሦስቱ ቢሮዎች በ2022 እና በ2023 ባደረጉት ለውጥ የተከፈለ የሕክምና ዕዳ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ዕዳና ከ500 ዶላር በታች የነበረ ዕዳ በሪፖርት ላይ እንዳይታይ ወስነዋል። ከእነዚህ አንዱ ተጽፎ ቢገኝ እንዲወጣ ይጠየቅ።

ስህተት ሲገኝ

«በአፍ ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አቤቱታ በስልክ ሊጀመር ቢችልም፣ በጽሑፍ ሆኖ ማስረጃው ተያይዞ፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ቢላክ ይበልጣል። ዋናው ሰነድ በእጅ ይቀመጥ፤ የሚላከው ግልባጩ ይሁን። አቤቱታው ሂሳቡን በቁጥሩ ለይቶ፣ ስህተቱን በአጭሩ ገልጾ፣ የሚፈለገውን እርማት በግልጽ ይጠይቅ። የስም መቀላቀል ሲሆን ባለስሙ የስሙን ትክክለኛ አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀኑንና አድራሻውን ከመታወቂያው ግልባጭ ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። አቤቱታው ለቢሮው ብቻ ሳይሆን መረጃውን ላቀበለው ባንክ ወይም ሰብሳቢም ቢጻፍ ጉዳዩ ከሁለት በኩል ይያዛል።

ቢሮው አቤቱታው በደረሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመረጃ አቀባዩ ማሳወቅ፣ በ30 ቀን ውስጥም መርምሮ መጨረስ ይገባዋል፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 45 ቀን ይፈቀድለታል። መረጃው ሊረጋገጥ ካልቻለ መሰረዝ ወይም መታረም አለበት። የተሰረዘው ተመልሶ ቢገባ ባለስሙ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ምርመራው ባለስሙን ሳያረካ ቢቀር ደግሞ አጭር የተቃውሞ ማስታወሻ በሪፖርቱ ላይ እንዲያያዝለት መጠየቅ፣ ለፌደራል የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ማመልከት፣ አልፎም በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ይነሣል። «ክፉ ክሬዲት በጥቂት ቀን እናጸዳለን» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ነጋዴዎች አሉ። ትክክለኛ የሆነና ጊዜው ያላለፈ መረጃ በገንዘብ አይሰረዝም፤ ትክክል ያልሆነው ደግሞ በነጻ ይሰረዛል። ነጋዴው የሚሸጠው ነገር ወይ የማይቻል ወይም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው።

የተሰረቀ ስም

በ2017 ከኢኩፋክስ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስም፣ የትውልድ ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በኮምፒዩተር ዘራፊዎች እጅ ገባ። አደራ ጠባቂው ሲሰረቅ ባለአደራው ራሱን መጠበቅ ግድ ሆነበት። ከዚህ በኋላ በወጣ ሕግ ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2018 ጀምሮ ማንም ሰው ሪፖርቱን በነጻ ማሳገድ ይችላል። የታገደ ሪፖርት ለአዲስ አበዳሪ ስለማይሰጥ ሌባ በሌላው ስም ብድር ለመክፈት ይቸግረዋል። ጥያቄው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ከሆነ ቢሮው በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ፣ ባለስሙ ሲፈልግም በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንሣት አለበት። እገዳው በሦስቱም ቢሮዎች ለየብቻ መጠየቅ ይኖርበታል። በነጥብ ላይም ምንም ጉዳት አያደርስም። በቅርብ ጊዜ ብድር ለማይጠይቁ ሰዎች፣ በተለይም ቋንቋው ለሚቸግራቸው አረጋውያን ወላጆች፣ ይህ እገዳ ቤትን ቆልፎ እንደ መተኛት ይቆጠራል።

የባለሙያው ኃላፊነት

ይህ የመዝገብ ሥርዓት የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በጀርመን ሹፋ የተባለው ድርጅት ከ1927 ጀምሮ ይሠራል። በእስራኤል በ2016 የወጣው የብድር መረጃ ሕግ በ2019 ሥራ ላይ ሲውል መዝገቡ በማዕከላዊው ባንክ እጅ እንዲሆን ተደርጓል። በኢትዮጵያም ባንኮች ስለ ተበዳሪዎች በብሔራዊ ባንክ በኩል መረጃ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ተዘርግቷል። የአሠራሩ ዝርዝር በየሀገሩ ይለያያል፤ ሰው በሌለበት ስለእርሱ የሚጻፈው ቃል በኑሮው ላይ የሚያደርሰው ግን በየትም አንድ ነው።

የሕጉ ታሪክ እንደሚያሳየው የማየትና የመቃወም መብት የተገኘው በብዙ ምሬትና ክርክር ነው። ይህ መብት ግን በራሱ የሚነቃ አይደለም። ቢሮው ለባለስሙ «ና፣ የተጻፈብህን እይ» ብሎ አይጠራውም፤ ቋንቋውን የማያውቅ፣ ሌሊትና ቀን በሥራ የተወጠረ፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ደግሞ መብቱ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ይኖራል። በዚህ መካከል የሚገኘው የሙያ ሰው ነው። የግብር ወረቀት የሚያዘጋጀው የሂሳብ ባለሙያ ባለጉዳዩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ «ሪፖርትዎን በዚህ ዓመት አይተውታልን?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። የባንክ ባልደረባ ማመልከቻ ሲሞላ ስሙ በፓስፖርት፣ በመንጃ ፈቃድና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መስፈሩን ቢያመሳክር የብዙ ዓመት ጣጣ ያስቀራል። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ ስብሰባ ላይም አንድ ሰዓት ተመድቦ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ ቢገለጽ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ይህ ሲደረግ ግን የሙያው ሥነ ምግባር ሊጠበቅ ይገባል። የሰው ሪፖርት የሰው ገመና ነው። ለመርዳት ተብሎ የታየ ዕዳ በሌላ ስፍራ ሊነሣ አይገባውም፤ ቁጥሩና ሰነዱም ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ አይገባም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለው ለዚህ ነው።

ዋስ የሆነ ሰው በሀገር ልማድ ለሌላው ስም ይቆም ነበር። ዛሬ ለሌላው ስም መቆም ማለት በውል ላይ አብሮ መፈረም ብቻ አይደለም፤ ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ታሪኩ የራሱ መሆኑን፣ ያረጀው መሰረዙን እያዩ ማገዝም ነው። የማኅበሩ አባላት እያንዳንዳቸው በመጪው ዓመት በቅድሚያ የራሳቸውን ሪፖርት ከሦስቱም ቢሮዎች አስመጥተው ቢመረምሩ፣ ቀጥሎም የአንድ ቤተሰብ ሪፖርት እንዲመረመር ቢረዱ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ የሚቀርበው ስለ ጉዳዩ የተደረገ ንግግር ሳይሆን የተሠራው ሥራ ይሆናል።